ከሰባት ቀለም ሥር

«ቀስ በይ እንጂ! ልትበሺው ነው እንዴ?» አለ ሽመልስ።

«ስድስት ዓመት ሙሉ ጎማ ስለጥፍ ቀስ በይ ያለኝ የለም» አለች ልደት። ይህን ያለችው ግን አባቷ ሽመልስ እንዳይሰማት አድርጋ፣ ለብርጭቆ ወረቀቱ ነው።

ፊት ለፊቷ ጎማም መሪም የሌለው የድሮ የጣሊያን የውድድር ሳይክል ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ በሁለት ሳጥን ላይ ተጋድሟል። ቴላዮው ብቻ፤ ባዶ ብረት። የሰሪው ስም ካለ፣ የፔዳሉ ብረት በሚያልፍበት ቱቦ ሆድ ላይ ተመትቶ ነው የሚገኘው ብሏል ሽመልስ። ችግሩ ቀለሙ ነው። ሳይክሉ የናፊያ ቤተሰብ ንብረት ነው፤ አክስቷ ዘቢባ ረመዳን ሊገባ ሲል ግድግዳ ቀብታ የተረፋትን ቀለም መጣል አይሆንላትም፤ ሳይክሉን ትለቀልቅበታለች። ሮዙን ስትፍቂ አረንጓዴ፣ አረንጓዴውን ስትፍቂ ሰማያዊ። ሳይክል ሳይሆን የጀጎል ቤት ግድግዳ ነው።

ናፊያ ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የሽመልስ ወንበር ላይ! ልደት አንድ ቀን ብትቀመጥበት «ተነሺ፣ ደንበኛ ይመጣል» ተብላለች። የክፍሏ ልጅ ናፊያ ግን ዛሬ ሻይ ሁሉ ታዞላታል።

«ሮዙ እኔ አምስተኛ ክፍል እያለሁ ነው» አለች ናፊያ ጣቷን ቀስራ። «ሰማያዊው አክስቴ ያገባች ዓመት። ወላሂ ጋሽ ሽመልስ፣ ሁሉንም አውቀዋለሁ።»

«አየሽ ልደት? ልጅ እንዲህ ሲያስተውል ደስ ይላል።»

ልደት አላየችም። ማየትም አልፈለገች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የናፊያ አያት አው ዓሊዪ አምና ሲያርፉ ሳይክሉ ከጓዳ ወጣ። ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም የሚሸጠው አጎቷ አንዋር፣ የድሮ ሳይክል ለሚሰበስቡት ለድሬዳዋው አቶ አባይነህ ደወለ። እሳቸውም «የሰሪው ስም ከተገኘ እወስደዋለሁ፤ ስም ከሌለው ለኔ ቁርጥራጭ ብረት ነው» አሉ። አንዋር ለናፊያ «ስም ከወጣ ይሸጣል፣ ካልወጣ ያንቺ» ብሎ ቃል ገባላት። አቶ አባይነህ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኤረር በር አጠገብ ወዳለችው ወደ ሽመልስ መጠገኛ ይመጣሉ። ለዚህ ነው ናፊያ ከጠዋት ጀምሮ ከንፈሯ የሚንቀሳቀሰው። ዱዓ እያደረገች ነው፤ ስም እንዳይገኝ።

«ለመሆኑ ሳይክል መንዳት ትችያለሽ?» አለች ልደት።

«አልችልም።»

«ምን?»

«አልችልም አልኩሽ። እማራለኋ!»

ልደት ሳቋን ዋጥ አድርጋ መፋቋን ቀጠለች። ከኤረር በር ሽቅብ፣ ቅርጫት ባላት የቻይና ሳይክል ወንዶቹን ሁሉ ጥላ የምትወጣው እሷ። ሰንሰለት በየሳምንቱ የሚበጠስባት እሷ። የጣሊያኑ ሳይክል የሚደርሳት ግን መንዳት የማትችል ልጅ!

ይሄስ ይሁን። ያቃጠላት የሚቀጥለው ነው። ሽመልስ ተነስቶ ምስማር ላይ የተሰቀለውን የቆዳ ኮርቻ ከነዘንጉ አወረደ። በወጣትነቱ ሲወዳደርበት የነበረ ኮርቻ ነው። ልደት መቶ ጊዜ ለምናዋለች፤ መቶ ጊዜ «የሚመጥነው ሳይክል ሲመጣ» ተብላለች። አሁን አቧራውን በእጅጌው ጠረገና፣

«ሳይክሉ ያንቺ ከሆነ፣ ናፊያ፣ ይሄን እገጥምልሻለሁ» አለ።

ልደት ቲነር የነካውን ጨርቅ አንስታ ቱቦውን አሸችው። ጥርሷን ነክሳ አሸችው፤ ናፊያን የምታሽ ይመስል። ቢጫው ለቀቀ። ነጩ ለቀቀ። ሰባተኛው ቀለም ሲላጥ ብረቱ ብቅ አለ። ብረቱ ላይ አንዲት ትንሽ ወፍ፣ ከወፏ ሥር ደግሞ በፈረንጅ ፊደል አንድ ስም፦ ካሳልዶሪ።

ተገኘ።

ቀና አላለችም። መናገር ብቻ ነው የሚጠበቅባት፤ ያውም እውነት። ሳይክሉ ድሬዳዋ ይወርዳል፣ ኮርቻው ምስማሩ ላይ ይመለሳል፣ ናፊያም ከወንበሩ ትነሳለች። ማንም ምቀኛ አይላትም። እውነት የተናገረች ልጅ ምን ትባላለች?

«ልደትዬ» አለች ናፊያ፤ መጥታ አጠገቧ ቁጢጥ ብላለች። «እዚህ ጋ ግን አትፋቂው፣ እሺ?»

የላይኛውን ዘንግ አሳየቻት። መሃሉ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ቀለሙ ሁሉ ተበልቶ ብረቱ ያብረቀርቃል።

«አያቴ ቁርአን ቤት ሲያደርሱኝ የምቀመጥበት ነው። አክስቴ ትቀባዋለች፣ እኔ አጠፋዋለሁ፤ ደግሞ ትቀባዋለች፣ ደግሞ አጠፋዋለሁ። አያቴ ‹የዚች ልጅ ቂጥ የብርጭቆ ወረቀት ነው› ይሉ ነበር።»

ልደት ሳታስበው ሳቀች። በመሳቋም ተናደደች።

መኪና ቆመ። አቶ አባይነህ ናቸው፤ ነጭ ሱሪ ለብሰዋል። መሬቱ ላይ የፈሰሰውን ዘይት ሲያዩ ደጃፉ ላይ ቀሩ።

«እህ፣ ሽመልስ? ስም አለው?»

ሽመልስ እጁን ወደ ልደት ዘረጋ። «የፋቀችው ልጄ ናት። ከራሴ እጅ የሷን እጅ አምናለሁ። እሷን ይጠይቋት።»

በስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ሲል ሰምታው አታውቅም። አሁን ነው የሚለው? አሁን? አውራ ጣቷ አጠገቧ ባለው የግራሶ ቅባት ጣሳ ውስጥ ነበር፤ መቼ እንደከተተችው አታውቅም። ወፏን ከነስሟ ደፈነቻት።

«ዝገት ነው ጋሼ» አለች። «ቀለም፣ ከቀለም ሥር ቀለም፣ ከሁሉም ሥር ዝገት። ካላመኑኝ ተንበርክከው ይዩት።»

አቶ አባይነህ መሬቱን አዩ፤ ሱሪያቸውን አዩ።

«ይቅር፣ ይቅር። ለቆራሌ ስጡት» ብለው ወደ መኪናቸው ተመለሱ።

«አልሐምዱሊላህ!» ናፊያ ጮኸችና ለአጎቷ ልትነግር ወደ ጊደር መጋላ በረረች። ሻይዋን እንኳን አልጨረሰችም።

ሽመልስ ቴላዮው ላይ ጎንበስ አለ። አውራ ጣቱን በቱቦው ሆድ ላይ ወደ ፊት ወደ ኋላ ነዳው። አንድ ቦታ ላይ ጣቱ ቆመ። አባቷ ጣቱን በቱታው ጠረገ።

«ግራሶ አታብዢ» አለ፤ «ውድ ነው።»

ኮርቻውን እጇ ላይ አስቀምጦላት ወደ ውጭ ወጣ።

ልደት ቴላዮውን ገልብጣ አቆመችው፤ ኮርቻውንም በቦታው ከተተችው። ቡሎኑን ልታጠብቅ ስትል ቆም አለች። ናፊያ አጭር ናት። ኮርቻው ወደ ታች ካልወረደ እግሯ ፔዳል አይደርስም።

አባቷ የኮርቻ ከፍታ መለካት እንዳስተማራት ብብቷን ኮርቻው ላይ አድርጋ ክንዷን ወደ ታች ዘረጋች። የራሷ የጣት ጫፍ የፔዳሉን ቱቦ ልክ እስኪነካ ድረስ ኮርቻውን ወደ ላይ ሳበች፤ ቡሎኑንም ባላት ጉልበት ሁሉ አጠበቀችው።