ያልተመለሰው ወንበር

ጥር መጨረሻ ላይ በዋለ አንድ እሑድ፣ ከአምልኮ በኋላ፣ ቡታጅራ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ግቢ የነበሩት እነዚህ ናቸው፦ የመባውን ጨረታ የሚመሩት በርበሬ ነጋዴው ጋሽ ገዛኸኝ፤ ከፊት አግዳሚ ላይ የተቀመጡት እትዬ አሰገደች፤ ለቤተ ክርስቲያኗ ጣሪያ ቆርቆሮ እናዋጣለን ብለው ከመጡት ሙስሊም ጎረቤቶች መካከል አናጢው ጋሽ ሽፋ፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዋ ኤደን፤ ከእሷ ኋላ ግድግዳ ተደግፎ የቆመው ወንድሟ ሚኪያስ። ሌላው ምእመን ብዙ ነው፤ ስሙን ጠርቶ የሚጨርሰው የለም።

ሚኪያስ ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጦ በጋሽ ሽፋ እንጨት ቤት ስድስት ዓመት ሠርቷል። እጁ ፈጣን ነው፤ አፉ ግን እንደ ተቆለፈ ሣጥን ነው። ደንበኛ መጥቶ "ይህ ስንት ነው?" ሲለው እንኳ ጋሽ ሽፋን በጣቱ ያሳያል እንጂ አይመልስም። "ጋሼ፣ የራሴን ልክፈት?" ብሎ የጠየቀው ሁለት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ሁለቱንም ጊዜ ያገኘው መልስ "ገና ነህ" ነበር። ለምን ገና እንደሆነ ለመጠየቅ አፍሮ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ በእረፍት ቀኑ፣ እቤቱ ጓሮ፣ ከቁርጥራጭ ዋንዛ አንድ ወንበር ሠራ። ምስማር አልነካውም፤ እንጨት እንጨትን ነክሶ ነው የቆመው። ለመባ ሊሰጠው ቆርጦ፣ ሐሳቡን ለኤደን ብቻ ነገራት።

"ሰው በደህና ዋጋ ከተጫረተበት የራሴን እከፍታለሁ። ካልሆነ ጋሽ ሽፋ ልክ ናቸው ማለት ነው።"

ኤደን የራሷ ጣጣ ነበረባት። የእንግሊዝኛ መምህሯ "ኦፈር" የሚለውን ቃል ትርጉሞች ከነምሳሌያቸው ጽፋችሁ ኑ ብለዋቸዋል።

"እኔ የማውቀው የሞባይል ቤቱን ነው፤ 'ልዩ ኦፈር' የሚለውን" አላት ሚኪያስ።

"እሱ ቅናሽ ነው። መዝገበ ቃላቱ መስጠትም ነው ይላል። ዋጋ ማቅረብም ነው። 'ልርዳህ' ማለትም ነው።"

"ይኼ ሁሉ በአንድ ቃል? እንዴት ያለ ድሃ ቋንቋ ነው!"

የዚያ ግቢ ልማድ እንዲህ ነው፦ ገንዘብ የሌለው ከእጁ ያለውን ያመጣል፤ ቡላም ይሁን በርበሬም ይሁን ዶሮ። የመጣው ሁሉ ለጨረታ ይወጣል። ያሸነፈው ሰው ዋጋውን ከፍሎ "ዳግም ይሸጥ" ብሎ ይመልሰዋል። መመለስ ክብር ነው። ያን ዕለት አንድ ቀይ አውራ ዶሮ አራት ጊዜ ተሸጦ አራት ጊዜ ስለተመለሰ፣ ጋሽ ገዛኸኝ እቅፍ ውስጥ እንቅልፍ ሊወስደው ምንም አልቀረው።

ዶሮው አምስተኛና የመጨረሻ ገዢውን አግኝቶ ሲሄድ ወንበሩ ወጣ። ሚኪያስ "ስሜን እንዳይጠሩብኝ" ብሎ ለምኖ ስለነበር፣ ጋሽ ገዛኸኝ ወንበሩን ከራሳቸው በላይ አንሥተው፣ "ሰጪው ስሜ አይነሣ ብሏል። የአምላክ ሰው! አምስት መቶ ያለ?" አሉ።

ለዶሮ ሲጯጯህ የነበረ ሕዝብ ወንበሩን ዝም ብሎ አየው።

"ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ዶሮው እኮ ወንበር ላይ አይቀመጥም!"

"ሁለት መቶ!" አለ ከኋላ አንድ ጎረምሳ፣ ለቀልድ ያህል።

"ሁለት መቶ አንድ ጊዜ… ሁለት መቶ ሁለት ጊዜ…"

ሚኪያስ ከተደገፈበት ግድግዳ ተነሣ። ስድስት ዓመት የታፈነ ነገር ከአፉ ተገፍትሮ ወጣ።

"ሁለት ሺህ!"

ግቢው ሁሉ ዞረ። ጋሽ ገዛኸኝ ዓይናቸውን ጨፈን ጨፈን አድርገው አዩት።

"ሚኪያስ? ወንበሩን ያመጣኸው አንተ አይደለህ እንዴ? የራስህን መባ ትጫረታለህ?"

ሳቁ እንደ በረዶ ወረደ። የሰጡትን መልሶ መጫረት በዚያ ግቢ ታይቶም ተሰምቶም አያውቅም። "ቆጭቶት ነው! ሊወስደው ነው!" አለ ጎረምሳው። ኤደን ደብተሯን ፊቷ ላይ ደፋች።

ሚኪያስ መሬት ቢከፈትለት ይገባ ነበር። ግን አልተከፈተም፤ ስለዚህ ተናገረ።

"ልወስደው አይደለም። በሁለት መቶ እንዳይሄድ ነው። ዋጋው ሁለት ሺህ ነው።"

"እውነቱን ነው!" አሉ እትዬ አሰገደች። "የሠራው ካላወቀ ማን ሊያውቅ ነው? የኔ ጌታ፣ እኔ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ብያለሁ።"

ያኔ ጋሽ ሽፋ ከጎረቤቶቻቸው መካከል ተነሡ። መጥተው ወንበሩን ገለበጡት፣ እግሮቹን ወዘወዙ፣ መጋጠሚያውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

"ምስማር የለውም" አሉ ቀስ ብለው። "ሦስት ሺህ።"

"ሦስት ሺህ አምስት መቶ!" አሉ እትዬ አሰገደች።

"አራት ሺህ። እትዬ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ይተዉልኝ።"

"እሺ፣ ስለ ጉርብትናችን ትቻለሁ።"

"አራት ሺህ ሦስት ጊዜ! ተዘጋ!" ጋሽ ገዛኸኝ ወንበሩን እንደያዙ ቆዩ። "በሉ ጋሽ ሽፋ፣ እንደ ልማዳችን ነው፤ ዳግም ይሸጥ በሉና…"

"አልመልስም።"

ጋሽ ገዛኸኝ ወንበሩን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

"ዶሮ ይመለሳል፣ በርበሬ ይመለሳል" አሉ ጋሽ ሽፋ። "ይህን የገዛሁት ልቀመጥበት ነው። አንተም ገዛኸኝ፣ ሚዛንህን እንጂ እንጨት አታውቅም፤ አምጣው!"

ከጋሽ ገዛኸኝ ጀምሮ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ያሁኑ ሳቅ ግን የሚያሳፍር አልነበረም። ጋሽ ሽፋ ወንበሩን ተሸክመው ሚኪያስ ፊት ቆሙ።

"እጅህ ከደረሰ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አይቻለሁ። ዋጋህን መጥራት ነበር የቀረህ። ዋጋውን መጥራት የማይችል አናጢ ቤት ከፍቶ ምን ሊበላ ነው? ዛሬ ጠራኸው፤ ያውም በጉባኤ ፊት። የራስህን እስክትገዛ የኔን የእንጨት መላጊያ ውሰድ።"

ሚኪያስ "እሺ ጋሼ" ብቻ አለ። አንገቱን ግን አልደፋም፤ ቀና እንዳለ ነበር። ኤደንም ደብተሯን ከፊቷ አንሥታ እስክርቢቶ ፈለገች።

ሰኞ ኤደን መስጠቱንም፣ ዋጋ ማቅረቡንም፣ 'ልርዳህ' ማለቱንም በዚያ ወንበር ምሳሌ ጽፋ የቤት ሥራዋን አስረከበች፤ ከዐሥር ዘጠኝ አገኘች። ሚኪያስ በየካቲት መጀመሪያ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየ። የመጀመሪያው ደንበኛ ገብቶ የበር ዋጋ ጠየቀው። ሚኪያስ ዋጋውን ነገረው።