ወንበር ማሞቂያ ያላት መኪና

ልብስ ሰፊዋ ቤት ውስጥ አንድ የረባ ክፍል ቢኖር ጋራዡ ነው፤ ብርሃኑ እንደ ልብ፣ ወለሉ ደልዳላ። እሷ ግን ኮሪደር ላይ ከነማሽኗ ተጣብቃ ትሰፋለች። ጋራዡ ውስጥ የምትንደላቀቀው ያቺ አሮጊት ናት፣ የባሏ የአውሮፓ መኪና።

"ቱርቦ አላት! መሬት ቆንጥጣ ነው የምትይዘው! ንቅንቅ አትልም! በሯ ሲዘጋ እንኳ ድምፁ ይለያል!" ይላል ባልየው፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር። ጉድ እኮ ነው! መስኮቷ አይወርድ፣ ማቀዝቀዣዋ አይነፋ። የወንበር ማሞቂያዋ ብቻ ሞተሩ ከተነሳ አልጠፋም ብሎ፣ በጠራራ ፀሐይ የሰው ቂጥ ይጠብሳል።

በስንት ጭቅጭቅ ባልየው ትሸጥ አለ። "እኔ ግን አንጀቴ አይችልም፤ ሰውዬውን አንቺው አነጋግሪው" ብሎ ሳሎን ተወሸቀ።

ገዢው የመድኃኒት ቤት ባለቤት ነው። መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አየና ከንፈሩን መጠጠ። "እትዬ፣ ይቺማ አልቆላታል።"

ልብስ ሰፊዋ ጋራዡ ከእጇ ሊያመልጥ መሆኑ ታያት። ስንት ዓመት በግድ የሰማችውን ሁሉ ዘረገፈችው።

"ምን ነካህ ልጄ! የዘንድሮ ቆርቆሮ መሰለችህ? ዳገት ላይ ቱርቦዋ ሲነሳ ወንበሩ ላይ ለጥፎ ነው የሚወስድህ! ኩርባ ላይ ንቅንቅ አትልም፣ መሬት ቆንጥጣ ነው የምትይዘው! እስቲ በሯን ዝጋና ስማው!"

ሰውዬው ዘጋው። ድም! "እውነትም!" አለና ቁልፉን ተቀበላት። "በቃ፣ ወስጃታለሁ።"

ይሄኔ የሳሎኑ በር ተበረገደ። ባልየው እንባው ግጥም ብሏል።

"ይሄን ሁሉ ታውቂላታለሽ ለካ! እኔ ሞኙ የምትንቂያት መስሎኝ! አትሸጥም!" ቁልፉን ከሰውዬው እጅ ላፍ አደረገው።

"ምላሴን በቆረጠው!" አለች ልብስ ሰፊዋ።

ገዢው እየተሳደበ ወጣ። እሷም ኮሪደር ገብታ ጨርቋን፣ ጠመኔዋንና መቀሷን ይዛ ተመለሰች፤ ጨርቁንም የመኪናዋ ኮፈን ላይ ዘረጋችው።

"ኧረ ቀለሟ! ኧረ በፈጠረሽ!" ጮኸ ባልየው።

"ንቅንቅ አትልም አላልክም? መቁረጫ ጠረጴዛዬ እሷ ናት" አለችው፣ በጠመኔዋ እያሰመረች። "ይልቅ ሞተሩን አስነሳልኝ፤ ወንበሯ ላይ የምተኩሰው ሱሪ አለኝ።"