ፍየል የቀረጸው ወይራ

መካኒኩ አውቶቡስ ሲጠግን ውሎ ቤቱ ሲገባ፣ የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ በቀጥታ የሚያመራው ወደ ጓሮ ነው። እዚያ በእንጨት መደርደሪያ ላይ ጠፍጣፋ ሸክላዎች ተደርድረዋል። በየሸክላው ላይ ከክንድ የማይበልጥ፣ ግን ግንዱ ያረጀ፣ ቅርንጫፉ የተጠማዘዘ ትንሽ ዛፍ አለ። ቦንሳይ ይባላሉ። ሥርና ቅርንጫፋቸውን እየከረከሙ፣ ሳያድጉ እንዲያረጁ አድርጎ ለዓመታት በሸክላ ማኖር ነው ሙያው። ሚስቱ ነርስ ናት። "እኔ ሆስፒታል ሰው አስታምማለሁ፣ እሱ ቤት ቁጥቋጦ ያስታምማል" እያለች ለጓደኞቿ ታወራለች።

አማቱ ግን ነገሩ አልገባቸውም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ልጃቸው ቤት መኖር ጀምረዋል። ከመካኒኩ ጋር ክፉም ደግም ተነጋግረው አያውቁም። ጠዋት ሰላም ይባባላሉ፣ ከዚያ ሁለቱም ወደየሥራቸው። አንድ ቀን ብቻ መደርደሪያው አጠገብ ቆም ብለው፣ "ዛፍ ማሳደግ ካቃተህ ሽንኩርት ብትተክልስ?" አሉት። ቀልድ ይሁን ምክር አልለየለትም።

በዚያ ሰሞን ከአውቶቡስ ሹፌሮቹ አንዱ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለው መንገድ ሊሰፋ መሆኑንና የኮረብታው ዳር በሙሉ እንደሚጠረግ ነገረው። መካኒኩ ክው አለ። ኮረብታው ላይ ዓይኑን የጣለበት አንድ የዱር ወይራ ነበር። ፍየሎች ለዓመታት አናቱን እየጋጡት፣ ቁመቱ ከጉልበት ሳያልፍ ግንዱ የሰው ባት አክሏል። ሰው ቢቀርጸው እንዲያ አያምርም። ባለፈ ቁጥር ያየዋል እንጂ ሊነቅለው አስቦ አያውቅም፤ በሰላም የቆመን ዛፍ ያለ ምክንያት መንቀል ነውር ነው ባይ ነው።

በማግስቱ የመንገድ ሥራውን ፎርማን ሄዶ ጠየቀው። ፎርማኑ "ቁጥቋጦ ነው ያልከኝ?" ብሎ ካረጋገጠ በኋላ፣ "ሰኞ ማሽን ይገባል። ከዚያ በፊት ከፈለግህ ኮረብታውን ራሱን ውሰደው" አለው።

ቅዳሜ ጠዋት አብሮት ሊሄድ የነበረው የጋራዥ ባልደረባው ወገቡን ያዘው። ሚስቱ ተረኛ ነበረች። መካኒኩ ዶማውን፣ መጋዙን፣ ጆንያውንና የውሃ ጄሪካኑን መኪናው ላይ ጭኖ በር ላይ ሲቁነጠነጥ አማቱ በመስኮት አዩት።

"ምን ሆነሃል?"

"ሰው ቀረብኝ፣ እማማ። ብቻዬን ደግሞ አይሆንም። እኔ ስቆፍር ግንዱ እንዳይነቃነቅ የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልጋል።"

"መያዝ ብቻ ነው?"

"መያዝ ብቻ ነው።"

"ቆይ፣ ጫማ ልቀይር" አሉና የእጅ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወጡ።

መንገድ ላይ ስለ አየሩ ተነጋገሩ። እሱም ቶሎ አለቀባቸው።

ኮረብታው ላይ ሲደርሱ አማቱ መሬት ላይ ዘርፈጥ ብለው ግንዱን አቀፉት። መካኒኩ ከግንዱ ራቅ ብሎ ዙሪያውን ቦይ ቆፈረ። ወፍራም ሥር ሲያገኝ በመጋዝ ይቆርጣል፤ ፀጉር ወደመሰሉት ቀጫጭን ሥሮች ሲደርስ ግን ዶማውን ጥሎ አፈሩን በጣቱ ይፈለፍላል።

"ወፍራሙን እየጣልክ ቀጭኑን ታባብላለህ?" አሉት።

"የሚጠጣው በቀጭኑ ነው፣ እማማ። የወፍራሙ ሥራ መቆም ብቻ ነው።"

"ሟቹ ባለቤቴም እንዲሁ ነበር" አሉ፣ ፊታቸው ምንም ሳይለወጥ።

መካኒኩ ቢስቅ ነውር ይሆን እንደሆነ ሊያስብ ሲል ሳቁ ቀደመው። እሳቸውም ሳቁ።

ሥሩ ግን አንድ ትልቅ ድንጋይ ሥር ገብቶ ተገኘ። መካኒኩ ድንጋዩን በዶማው ሊፈነቅለው ሞከረ፣ በትከሻው ገፋ፤ ድንጋዩ ንቅንቅ አላለም። እዚያ ላይ ቢቆርጠው ደግሞ ዋነኞቹ ቀጫጭን ሥሮች ከድንጋዩ በታች ይቀራሉ፣ ዛፉም አይተርፍም። ላቡን እየጠረገ ቁጭ አለ።

ይሄኔ ነው ኮረብታውን ያንቀጠቀጠ የሞተር ድምፅ የተሰማው። ለሰኞ የተባለው የመቆፈሪያ ማሽን፣ ኤክስካቫተሩ፣ እዚያው ቆሞ ሊያድር ዛሬውኑ መጥቷል። መካኒኩ ሮጦ እጁን ዘርግቶ ፊቱ ቆመ። ኦፕሬተሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፤ በሩ የማይበቃው ግዙፍ ሰው ነው። መካኒኩን አየ፣ ጉድጓዱን አየ፣ ከዚያ ቁጥቋጦ አቅፈው የተቀመጡትን ሴትዮ አየ።

"እናቴ፣ አሞዎት ነው?"

"ደህና ነኝ። ያዢ ተብዬ ነው የያዝኩት።"

መካኒኩ ነገሩን አስረዳው። ኦፕሬተሩ ድንጋዩን ዞር ዞር ብሎ ተመለከተና "እኔ ላንሳላችሁ" አለ።

"የለም፣ የለም" አለ መካኒኩ። "በዚያ ማሽን ሥሩ ይጨፈለቃል።"

ኦፕሬተሩ ቅር አለው። "በዚህ ማሽን እንቁላል ከመሬት አንስቼ አውቃለሁ።"

"እንቁላሉ አልተሰበረም?" አሉ አማቱ።

"የመጀመሪያው ተሰብሯል። ሁለተኛው ግን ደህና ነበር።"

"እንግዲያው ይሄን ሁለተኛው ነው በለው" አሉና ልብሳቸውን አራግፈው ተነሡ።

ራቅ ብለው ቆሙ። መካኒኩ ማየት አቅቶት በጣቶቹ መሃል ነበር የሚያጮልቀው። የማሽኑ ጥርስ ከድንጋዩ ጠርዝ ሥር ቀስ ብሎ ገባ፣ ትንሽ ትንሽ እያለ ቀና አደረገው፣ ከዚያም ወደ ጎን አጋደመው። ከድንጋዩ በታች የተኙት ሥሮች እንደ ተበጠረ ፀጉር ተዘርግተው ታዩ። አንዱም አልተጎዳም። ኦፕሬተሩ ከላይ ሆኖ አማቱን ብቻ ነበር የሚያየው። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁለት።

ሦስት ሆነው ወይራውን ወደ እርጥቡ ጆንያ ሲያሸጋግሩት አፈሩ እየተናደ መርገፍ ጀመረ። መካኒኩ ገመድ ፍለጋ ሲራወጥ አማቱ ቦርሳቸውን ከፍተው የፍራሽ መርፌና ሲባጎ አወጡ። ሁለቱም ከቦርሳቸው ጠፍተው አያውቁም። ጆንያውን በሥሩ ዙሪያ ጠቅልለው፣ የተረፈውን አጥፈው፣ በረጃጅሙ ወጋ ወጋ እያደረጉ ጥብቅ አድርገው ሰፉት። ሲጨርሱ ወይራው በልኩ የተሰፋ ሱሪ የለበሰ መሰለ።

ነርሷ ከሥራ ስትመለስ ወይራው ሰፊ የእንጨት ሣጥን ውስጥ፣ አሸዋና ጠጠር ላይ ተተክሎ ጥላ ሥር ተቀምጧል። እናቷ ፊታቸው ሳይቀር ጭቃ ነው።

"ምን አደረግሃት?" አለች ባሏን።

"እኔን አትጠይቂኝ። እሳቸው ናቸው ሌላ ኮረብታ መሄድ አለብን ብለው ለሚቀጥለው ቅዳሜ የቀጠሩኝ።"

ሳምንት ሳይሞላ ወይራው ቅጠሉን በሙሉ አረገፈ። መካኒኩ እንቅልፍ አጣ። በየጠዋቱ ልጡን በጥፍሩ ጫር እያደረገ ውስጡ አረንጓዴ መሆኑን ያያል። አማቱ አንድ ቀን ደረሱበት።

"አንተ፣ በሽተኛ የሚጠየቀው ቆዳውን እየላጡ ነው? ከዛሬ ጀምሮ እንዳትነካው።"

ልብስ ሲተኩሱ ውሃ የሚረጩበትን ጠርሙስ አምጥተው ግንዱን ጠዋትና ማታ ያረጥቡት ጀመር። መካኒኩ በራሱ ጓሮ ከልካይ ተሾመበት። ሠርቆ ሊጭር ሲል ተይዞ ያውቃል፤ ሚስቱም አልፈረደችለትም።

ብዙ ቆይቶ አንድ ጠዋት አማቱ በሩን አንኳኩ። "ና፣ እይ።"

የሩዝ ፍሬ የምታህል ቡቃያ ከግንዱ ላይ ብቅ ብላለች። መካኒኩ ተንበርክኮ አያት። ደስታው ፊቱን ካበራው በኋላ ትንሽ ቅሬታ ተከተለ።

"ከጀርባው ነው የወጣችው። ፊቱ እንዲሆን ያሰብኩት በዚህ በኩል ነበር።"

"ያሰብከው አንተ። እሱን ማን አማከረው? አዙረው።"

ሣጥኑን አዞሩት። ግንዱ ከዚያ በኩል ሲታይ ዝቅ ብሎ መልሶ ቀና ይላል፤ ሰው ከወንበሩ ሊነሣ ሲል የሚመስል ነገር አለው። መካኒኩ ይህን ሁሉ ጊዜ እንዴት እንዳላየው ገረመው።

ቡቃያው ቅርንጫፍ መሆን በጀመረበት ሰሞን ኦፕሬተሩ አድራሻ አፈላልጎ መጣ። በአንድ እጁ ቁጥቋጦ ይዟል፤ ያው በማሽኑ መንጭቆ ያወጣው ነው።

"ሥሩስ?" አለ መካኒኩ።

"ሥሩም ይመጣል እንዴ?"

አማቱ ቁጥቋጦውን ተቀብለው ገልበጥ አድርገው አዩትና አዘኑ። "ይሄ የመጀመሪያው እንቁላል ነው፣ ልጄ። ግባ፣ ቁጭ በል።"

ምሳ እስኪደርስ ድረስ ስለ ሥር አስተማሩት። ግዙፉ ሰው ጉልበቱን ሰብስቦ አዳመጠ፤ መካኒኩም አንድ ቃል ማስገባት አልቻለም።