ለሁለት ሴቶች አንድ ቦታ

አክስትየዋን ጠዋት በሩ አጠገብ ካለች ወንበር ላይ አስቀመጧትና እንደ ጃንጥላ ረሷት። አፏን በከፈተች ቁጥር "አንዴ እማማ፣ አንዴ" ይሏታል። አንዴው አላልቅ ብሎ ከሰዓት ሆነ። ያልተማረ ሰው ወገብ የለውም መሰላቸው።

የጠራቻት የእህቷ ልጅ ናት፤ የሥዕል ታሪክ አጥኚ። ሙዚየሙ እሷንና ጓደኞቿን ከፕሮግራመሮች ጋር አዳራሽ ውስጥ ሰብስቦ፣ የድሮዎቹ ሥዕሎች በኮምፒውተር ተፈልገው እንዲገኙ አድርጉ ብሏቸዋል። ሀካቶን ይሉታል። ሦስተኛ ቀናቸው ነው። አጥኚዎቹ "እናንተ ሥዕል አታዩም" ይላሉ፤ ፕሮግራመሮቹ "እናንተ ደግሞ አይታችሁ አትጨርሱም"። የሁሉም ዓይን በርበሬ መስሏል።

በመጨረሻ ግድግዳው ላይ፣ ጎድጓዳ ሳህን ከፍ አድርጋ የያዘች ወጣት ሴት ሥዕል በራ። ከሥሩ የአክስትየዋ ሟች እህት ስም ተጽፏል።

"ይኸውልሽ አክስቴ፣ እናቴ ናት! እንድታዪልኝ ነው የጠራሁሽ።"

"ፊቱ የእናትሽ ነው። እጆቹ የእኔ ናቸው።"

አንዱ ፕሮግራመር ሳቁ አምልጦት መልሶ ዋጠው።

"ደክሞሽ ነው አክስቴ።"

"ደክሞኛልማ! ድካም ግን የገዛ እጅን አያስረሳም። እናትሽ፣ ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ቁጭ ማለት መች ታውቅ ነበር? ሰዓሊው ፊቷን እንደምንም ከያዘ በኋላ ሳህኑ በእጇ ሲወዛወዝ ተናዶ አባረራት። ቤቱን ስወለውል የነበርኩትን እኔን ጎትቶ አስቀመጠኝ። ክንዴን እንዲህ አንስቼ ክረምቱን ሙሉ። ይኼ ትከሻዬ ከዚያ ወዲህ ትከሻ አልሆነም።"

"ማስረጃ..." አለች የእህቷ ልጅ፣ ቀስ ብላ።

"የእናትሽን ስም ስትጽፊ ምን ማስረጃ ነበረሽ?"

"ራሷ ነግራኝ።"

"እኔም ራሴ ነገርኩሽ።"

ፕሮግራመሩ ራሱን አከከ። "እማማ፣ ችግሩ ሌላ ነው። ለተሳለው ሰው ስም ያዘጋጀነው ቦታ አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛ ስም ካስገባን የሠራነው ይፈርሳል፤ ዛሬ ደግሞ እናስረክባለን።" ወደ አጥኚዎቹ ዞረ። "አንድ ይበቃል ያላችሁን እናንተ ናችሁ!"

"እናንተስ መቼ ጠየቃችሁን?"

ለጠብ ተነሱ፤ ለጠቡም አቅም አጡና መልሰው ተቀመጡ።

የእህቷ ልጅ ግን አልተቀመጠችም። "እናቴ በዕድሜዋ የኮራችው በዚህ ሥዕል ብቻ ነው" አለች። "አሁን ግማሹን ልቀማት?"

አክስትየዋ ቀና ብላ ግድግዳው ላይ ያለችውን እህቷን አየች። በስንቱ ሠርግ፣ በስንቱ ለቅሶ ቤት፣ እህቷ "ባለ ሥዕሏ" ስትባል ከጎኗ ቆማ ዝም ብላ ነበር። ታናሽ ናት፣ ደስ ይበላት ብላ። አሁን ዝምታውም እንደዚያ ሳህን ከበዳት።

"በቁሟ አልነካኋትም፣ በሞቷም አልነካትም" አለች ወንበሩን ተደግፋ እየተነሳች። "ስሟ እዚያው ከእኔ በላይ ይቀመጥ። አንተ፣ ሁለተኛ ቦታ ክፈት። የፈረሰውን መልሳችሁ ትሠሩታላችሁ፤ የእኔ ትከሻ ግን አይመለስም። አንቺ ደግሞ ነይ ቁጭ በይና ስሜን ከነአባቴ ጻፊ፤ እጆቹ የእሷ ናቸው በይ። ማንበብ ስለማልችል፣ እያንዳንዱን ቃል ጮክ ብለሽ እየተናገርሽ ጻፊ።"