የቬርሊን ኮት

በሚያዝያ ዘነበ። በግንቦት ዘነበ። በቆሎውን ሁለት ጊዜ ዘራን፤ ሁለቱንም ጊዜ ጎርፍ ወሰደው። ለሦስተኛ ጊዜ ልንዘራ ብንል መሬቱ ጭቃ ሆኖ አላስገባንም። አሥራ ዘጠኙን ላሞቼን ሸጥኩ። በሰኔ መጨረሻ ሰማዩ ሲጠራ፣ እኛ ባለንበት የኦሃዮ ወረዳ ሥራ ያለው ትራክተር አልነበረም።

ሥራ የፈታ ትራክተር ግን ዝም ብሎ አይቆምም። ባለቤቱ ያጥበዋል፣ ይፈታዋል፣ ይቀባዋል። በሐምሌ የወረዳው ዐውደ ርእይ ሲከፈት ትራክተሮች ከባድ ጋሪ በሚስቡበት የጉተታ ውድድር የተመዘገበው ሰው የሌላውን ዓመት እጥፍ ሆነ። መከራችንን እያጠብን እየቀባን ይዘነው መጣን።

የኔ ቦታ የውድድሩ መስመር ዳር ነው። ከኮኒ ጋር እሳት ጠባቂ ነኝ። ኮኒ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች። እኔ ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ሁለታችንም የእሳት ልብስ እንለብሳለን፤ እኔ በዚያ ላይ የሱፍ ኮት እደርባለሁ። ሐምሌ እኛ ዘንድ ምድጃ ነው።

"ጋሼ ዊልመር፣ ዘንድሮም?" አለች ኮኒ። "ላብዎ እኮ ብቻውን እሳት ያጠፋል።"

"ዕዳ ነው" አልኳት።

ዕዳዬን የማያውቅ የለም። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት እዚሁ መስመር ላይ ትራክተሬ አበደ። የናፍጣ ሞተር ሲያብድ ነዳጅ ቢዘጉበትም አይሰማ፤ የራሱን ዘይት እየጠጣ እስኪፈነዳ ይጮኻል። መድኃኒቱ አየር መከልከል ነው። ቬርሊን ኖፍዚገር ከእኅቱ ሠርግ በቀጥታ መጥቶ አጥሩ ጋ ቆሞ ነበር፤ አዲስ የሱፍ ኮት ለብሶ። አጥሩን ዘለለ፣ ኮቱን አወለቀ፣ የሞተሩ አየር መሳቢያ አፍ ውስጥ ወተፈው። ሞተሩ አንድ እጅጌ በላና ታንቆ ሞተ። እኔ ተረፍኩ።

በማግሥቱ ገንዘብ ወሰድኩለት፤ አልተቀበለም። በልኩ ኮት ገዛሁለት፤ በረንዳዬ ላይ ጥሎልኝ ሄደ።

"የኔ ኮት ቁም ሣጥን ውስጥ አልሞተም" አለኝ። "እንዳሟሟቱ ክፈለኝ።"

እሺ አልኩ። ቬርሊን ወፍራም ነው፤ በልኩ የገዛሁት ኮት ከእሳት ልብሴ በላይ ይገባል። በየዓመቱ ለብሼው እቆማለሁ። የሰው ትራክተር እንዲያብድ መጸለይ ነውር ነው፤ አልጸለይኩም። ዘንድሮ ግን ኮሚቴው ከሰባ ዓመት በላይ የሆነ እሳት ጠባቂ ከእንግዲህ አይቆምም ብሎ ወሰነ። የመጨረሻ ቀኔ ነበር። ከነኮቴ መቀበሬ ነው አልኩ።

ጠዋት ኮኒ ትራክተሮቹን ስትመረምር የቬርሊን ጋ ደረሰች። ሦስት ጊዜ ተቀብቶ እንደ ከረሜላ ያበራል። ከኋላ ያለውን የማቆሚያ ገመድ ሳበች፤ የአየር መዝጊያው ሳህን ቀጭ ብሎ ተዘጋ። መዘጋቱን በአውራ ጣቷ ነካ አድርጋ አረጋገጠች።

"ኧረ ሴትዮ! ቀለሜን ላጥሽው!" አለ ቬርሊን።

"ትራክተር ነው ወይስ ሙሽራ?"

"ሙሽራማ እንዲህ መቼ ትታዘዛለች።"

ፈተናውን አለፈ። ከሰዓት የቬርሊን ተራ ሲደርስ የኋላ ኪሱ ውስጥ የቀለም ብሩሽ አየሁ፤ ጫፉ እርጥብ ነው። ማየቱን አየሁ። መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም።

ከኋላው የብረቱን ጋሪ አሰሩለት፤ በራቀ ቁጥር ጭነቱ የሚከብደውን። አረንጓዴው ባንዲራ ተውለበለበ። ቬርሊን ተነሣ፤ ጥቁር ጭስ ሰማዩን ሞላው።

"በለው! በለው ይህን ከረሜላ!" ይላል አስተዋዋቂው ጋሌን በድምፅ ማጉያው።

ጋሪው ከበደ፤ ትራክተሩ ቆመ፤ ቀዩ ባንዲራ ወጣ። ቬርሊን ነዳጁን ዘጋ። ሞተሩ ግን መጮኹን ቀጠለ። ጋሪው ላይ ያለው ሰው የማቆሚያ ገመዱን ሳበ። ገመዱ መጣ፤ ሳህኑ አልመጣም። ቬርሊን ከምርመራው በኋላ የቀባው ቀለም ከነማጠፊያው አጣብቆታል። ከጭስ ማውጫው ሥር ነበልባል ብቅ አለ።

"ውረድ፣ አንተ በሬ!" አልኩ።

"ቀለሜን እንዳትነኩ!" እያለ ወረደ።

ኮኒ ማጥፊያዋን ይዛ ነበልባሉ ላይ ሄደች። እኔ ወደ አየር መሳቢያው ሮጥኩ። ሩጫ ካሉት። እየሮጥኩ ቁልፎቹን ፈታሁ፤ የታችኛው እንቢ አለ። ሕዝቡ በሙሉ ቆሟል፤ ዕዳውን ሁሉም ያውቃል።

"ኮ-ቱን! ኮ-ቱን! ኮ-ቱን!"

"ጎበዝ፣ ዊልመር ሊያወልቅ ነው!" ጋሌን ድምፁ ተሰነጠቀ። "ልጆች ካሉ ዓይናቸውን ሸፍኑ!"

ቁልፉን በጠስኩት። ኮቱን ጠቀለልኩ፤ እጄን እንዳይስበው ከጎን ሆኜ አፉ ላይ ጣልኩት። ሞተሩ ጎረሰው፣ ሁለቴ አነጠሰ፣ ዝም አለ። ኮኒ የቀረውን እሳት አጠፋች።

ከዚያ የሆነውን ጩኸት አልገልጸውም። የማላውቀው ሰውዬ ባርኔጣዬን ሳመ። ኮኒ በማጥፊያው ዱቄት ነጥታ ትስቃለች። እኔ የምስቅ ሰው አይደለሁም፤ ጭቃው ላይ ተቀምጬ እስኪያመኝ ሳቅሁ።

ቬርሊን ኮቱን ጎትቶ አወጣ። ዘይት ይንጠባጠባል፤ አንድ እጅጌ የለም። አገላብጦ አየው።

"የኔ የተበላው ቀኙ ነበር" አለ። "ይኼ ግራው ነው።"

ሳቄ ቆመ። ሠላሳ አንድ ዓመት።

ቬርሊን የተረፈውን እጅጌ ጨመቀው። ከዚያ ኮቱን ለበሰው፤ ዘይቱ በክንዱ ወረደ። የቀሩትን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈ፤ ሆዱን ነካ ነካ አደረገ።

"ልኬ ነው" አለ። "ተከፍሏል።"

"ያኔ ብትቀበለው ሁለት እጅጌ ነበረው።"

"ያኔማ ቁም ሣጥን ነበር የሚሸተው።"

እጁን ዘርግቶ ከጭቃው አነሣኝ። በጉተታው ያገኘውን የሦስተኛነት ሪባን ሊቀበል በአንድ እጅጌ ሄደ።