ሁለት ባቡር በአንድ ቁጥር

ፀጉር አስተካካዩ ካገባ ዓመት አልፎታል፤ በሚስቱ ወላጆች ቤት ግን ዛሬም እንግዳ ነው። ሳሎን ያስቀምጡታል፣ ምርጡን ብርጭቆ ያወጡለታል፣ "ተጫወት እንጂ" ይሉታል። እስቲ ብቻውን ከማን ጋር ይጫወት? አማቱ፣ ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሹፌር፣ ሰላም ይሉትና ከኋላ ያለችው ክፍል ገብተው በሩን ይዘጋሉ። ክፍሏን በሞላው ጠረጴዛ ላይ ሐዲድ ዘርግተው፣ ዋሻና ኮረብታ ሠርተው፣ በትንሿ ባቡራቸው ዓለማቸውን ይቀጫሉ። እዚያ ማንም አይገባም።

እሱ ደግሞ ምርጡ ብርጭቆ ሰልችቶታል። እንደ ቤት ሰው "ና እስቲ ይሄን ያዝልኝ" መባል አማረው።

ስለዚህ ዛሬ ፉርጎ የሚጎትት አንድ ቀይ ሎኮሞቲቭ ገዝቶ መጣ፤ ከመዳፍ የማይበልጥ።

"ለእርስዎ ነው፣ አባባ።"

ሽማግሌው አገላብጠው አዩት። መቼም ስጦታ ተቀብሎ በር መዝጋት ነውር ነው።

"በል ግባ" አሉት፤ "ግን እጅህ ከኪስህ እንዳይወጣ።"

ቀዩን ከራሳቸው አረንጓዴ ራቅ አድርገው ሐዲዱ ላይ አኖሩት። ከዚያ እንደ ልማዳቸው መቆጣጠሪያው ላይ ሦስትን ተጭነው አረንጓዴውን አስነሱ። ጉድ ፈላ! ቀዩም አብሮ ተነሣ። ቢያቆሙት ቆመ፤ ወደ ኋላ ቢመልሱት ተመለሰ።

"ምን አመጣህብኝ? እኔ የማዝዘው አረንጓዴውን፤ ያንተን ምን ጥልቅ ያደርገዋል?"

ልወደድ ብዬ ልጠላ ነው እንዴ? አለ ፀጉር አስተካካዩ በልቡ። አማቱ ሐዲዱን ወለወሉ፣ ሽቦውን ነካኩ፣ መቆጣጠሪያውን አጥፍተው አበሩ። ወይ ፍንክች!

"አባባ፣ በየተራ ብንሞክራቸውስ?"

ሞከሯቸው። እያንዳንዱ ብቻውን ሲሆን ጨዋ ነው፤ ጣጣው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ያኔ ፀጉር አስተካካዩ ከቀዩ ጋር የመጣው መመሪያ ትዝ አለው።

"ትእዛዙ በሐዲዱ አድርጎ ለሁሉም ይደርሳል፤ የሚነሣው ግን ቁጥሩ የተጠራው ነው። ከፋብሪካ ሲወጡ ሁለቱም ሦስት ናቸው።"

"እኔ እኮ ሦስት ማለት ማስነሻው ይመስለኝ ነበር!" አሉ ሽማግሌው አገጫቸውን እያሻሹ። ሌላ ባቡር ኖሯቸው አያውቅማ፤ ከማን ይለዩት?

"ቀዩን ሰባት እናድርገዋ!" አለና ፈጠን ብሎ መቆጣጠሪያው ላይ ቁጥሩን ቀየረ። ሦስትን ሲጫኑ የተነሣ የለም። ሰባትን ሲጫኑ ግን ሁለቱም ነጎዱ! ለካ በችኮላ አረንጓዴውን ከሐዲዱ አላነሣውም፤ እሱም ትእዛዙን ሰምቶ ሰባት ሆኗል። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ሽማግሌው ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

"አይ አንተ! ፀጉርም እንዲህ ነው የምትቆርጠው?"

"አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ፣ አባባ..."

"ቆይ፣ ቆይ! አትንካው።" ዓይናቸው ኮረብታው ላይ አረፈ። ያ ኮረብታ ስንት ጊዜ አዋርዷቸዋል! አረንጓዴው ስድስቱን ፉርጎ ይዞ አጋማሹ ላይ ሲደርስ ጎማው ይሽከረከራል እንጂ አይወጣም። "ቀዩን ከፊቱ ቀጥለው። እጅህን ከኪስህ አውጣ እንጂ፣ ምን ይገትርሃል!"

ፀጉር አስተካካዩ እጁን አውጥቶ ቀጠለው። አማቱ ሰባትን ተጫኑ። ሁለቱ እኩል ሳቡ፤ አጋማሹን አለፉ፤ ፉርጎዎቹም አንድ ሳይቀር ጫፍ ወጡ።

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ!" አሉ ሽማግሌው ትከሻውን መታ አድርገው። የፀጉር አስተካካዩ ልብ ቅቤ ጠጣ።

አማቲቱ ከሳሎን ተጣሩ። "ኧረ እንግዳውን የት አደረስከው? ሻዩ ቀዘቀዘ እኮ!"

"የምን እንግዳ?" አሉ ሽማግሌው ዓይናቸውን ከባቡሩ ሳይነቅሉ። "እዚህ ያለነው እኔና ልጄ ነን። ሻዩን እዚሁ አምጪልን፤ ደግሞ በዘወትሩ ብርጭቆ!"