ክዳኑ ላይ ያለች ማንኪያ

«ለተማሪ የሚሆን ቀላል ምግብ፣ በአሥራ አምስት ደቂቃ» እያሉ የሚመክሩ ሰዎች ምስር ቀቅለው አያውቁም። ወይም ቀቅለው ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ክፍል ውለው፣ በአንዲት ምድጃ ለሁለት ሆነው አልቀቀሉም። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም።

አንዲት መኝታ ክፍል የሚጋሩ ሁለት ተማሪዎች ግን ዘዴ አላቸው። አንደኛዋ ሕግ ተማሪ ናት፤ ስለማትረታ «ጠበቃ» ይሏታል። ሁለተኛዋ በዝግታዋ «ኤሊ» ተብላለች። የትምህርት ሰዓታቸው አይገናኝም። ስለዚህ አንዷ ምስሩን ቀቅላ፣ ምድጃውን አጥፍታ ትወጣለች፤ ሌላዋ መጥታ ድንች ጨምራ ትጨርሰዋለች። ጨው የጨመረች ማንኪያዋን ክዳኑ ላይ ታጋድማለች። ክዳኑ ባዶ ከሆነ ድስቱ ጨው የለውም።

ያን ቀን የጠበቃ አክስት ባዶ ሻንጣ ይዘው መጡ። ልጅቷ መክሳቷን ሰምተዋል። ለዘመድ ደግሞ የከሳ ተማሪ ሁሉ ሰነፍ ነው፤ ድካም የሚባል በሽታ አያውቁም። እውነት የማትበላ ከሆነ ወደ ቤታቸው ሊወስዷት ነው። ቤታቸው የከተማው ጫፍ ነው፤ ከዚያ እየተመላለሱ መማር ትምህርቱን እንደ መተው ነው።

ጠበቃ እግሯን እየጎተተች ስትገባ አክስቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ወለሉ ተጠርጓል፣ ዕቃው ታጥቧል።

«ማን ከፈተልዎት፣ አክስቴ?»

«ያቺ ጓደኛሽ። እየወጣች ነበር፤ ለመውጣትም ቀጠሮ ያስፈልጋታል።»

ጠበቃ ድስቱን አየች። ክዳኑ ባዶ ነው። ምድጃውን አበራች፣ ድንች ከትፋ ጨመረች፣ ጨውም ነሰነሰች። ሲበስል ለአክስቷ ቀዳችላቸው።

አክስት አንድ ጊዜ ቀምሰው ሳህኑን አስቀመጡ። «ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር፤ ዛሬ ቀመስኩት። ልብስሽን ሰብስቢ።»

ጠበቃም ቀመሰች፤ ፊቷ ተጨማደደ። ሌላ ቀን ቢሆን ትከራከር ነበር።

«ኤሊ ማንኪያውን ረስታ ነው» አለች ብቻ።

«የምን ማንኪያ?»

«ጨው ካለው ክዳኑ ላይ እናጋድማለን።»

አክስት ወደ ግድግዳው ዞሩ። ማንኪያዋ ታጥባ ሚስማር ላይ ተንጠልጥላለች።

«የተዝረከረከ መስሎኝ እኔ ነኝ ያነሳሁት» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያም፣ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታበስሉት? ሳትተያዩ?»

«እሑድ እንተያያለን።»

አክስት ሳይወዱ ሳቁ። ተነሥተው የድስቱን ውኃ ደፉ፣ አዲስ ውኃ ጨመሩ፣ የቀረውን ድንች በሙሉ ይልጡ ጀመር። ጠበቃ ላግዝዎት ልትል አፏን ከፍታ፣ እንደ ተቀመጠች እንቅልፍ ወሰዳት።

ስትነቃ አክስቷ የሉም፤ ሻንጣውም የለም። ልብሶቿ እንደ ተሰቀሉ ናቸው። ድስቱ ምድጃው ላይ ነው፤ ክዳኑ ላይ ማንኪያዋ ተጋድማለች።